ስልኬ ውስጥ የቀሩት አሥራ አንድ ፎቶዎች

ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጭኔ ላይ የከመርኩትን ወረቀት አየት አየት አደረጉና «ልጄ፣ ምን ልትማሪ ነው?» አሉኝ።

«የሥነ ጥበብ ታሪክ፣ አባባ። ለዶክትሬት።»

«ሥዕል?»

«መሣል አይደለም። የሥዕሉን ታሪክ።»

ዝም ብለው አሰቡ። ጊንጪን አልፈን ኦሎንኮሚ እስክንደርስ አሰቡ ማለት ይቻላል። ከዚያ «እና የታመመ ሰው ብታገኚ ምንም አታደርጊለትም ማለት ነው?» አሉ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ይህን ጥያቄ በተለያየ መልኩ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። የመምህራን ክፍል ጓደኞቼ «ሁለት ዓመት እንቅልፍ ያጣሽው ለዚህ ነው?» ይላሉ። የአጎቴ ልጅ በቴሌግራም «እባክሽ ፐብሊክ ሄልዝ አመልክቺ» ብሎ ሦስት ሊንክ ልኮልኛል። በነገራቸው አልቀየምም። አምቦ የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን አገር ናት፤ እዚሁ ቅርብ ቦዳ የተወለደ ሰው በቃል ዓለምን ሲያስደምም ያየ ሕዝብ ጥበብ አያውቅም አይባልም። ግን ባለቅኔውን በስሙ የምንጠራ ሰዎች የሰፈራችንን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ማን እንደሣለው ጠይቀን አናውቅም። እኔም የታሪክ መምህርት ሆኜ አልጠየቅሁም ነበር።

ያደግሁት ጊንጪ ነው። እናቴ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አላት። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሚያስኬድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን አለ። ስሙን አልጠራም፤ ለምን እንደማልጠራው ቆይቶ ይገባችኋል። በልጅነቴ አያቴ ትወስደኝ ነበር። በሴቶች በኩል ቆሜ፣ ቅዳሴው ሲረዝምብኝ ግድግዳውን አያለሁ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ። ሐዋርያቱ ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው፤ ይሁዳ ግን በጎን ተሥሎ አንድ ዓይን ብቻ። አያቴ «ክፉ ሰው ሙሉ ፊቱን አያሳይሽም» ትለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለዚህ የአሣሣል ልማድ የተጻፈ ሳነብ አያቴን አስታውሼ ብቻዬን ፈገግ ብያለሁ።

ከሁሉ የምወደው ግን ከታች ያለውን ሰውዬ ነበር። ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር በደረቱ ተዘርግቷል፤ ነጭ ለብሷል፤ ጠመንጃው አጠገቡ ተጋድሟል። ቅዳሴ ላይ እንቅልፍ የወሰደው ይመስለኝ ስለነበር አዝንለት ነበር። ለካ ሥዕሉን ያሠራው እሱ ነው። በአገራችን ልማድ አሠሪው ከቅዱሳኑ ሥር ተሥሎ፣ ስሙ «ተማኅፀነ» ከሚል የግዕዝ ቃል ጋር ይጻፋል። ስለዚህ ያ ግድግዳ ሥዕል ብቻ አልነበረም። በሌላ ወረቀት ላይ ጨርሶ የማይገኝ ሰው ስም፣ አለባበስና መሣሪያ የተመዘገበበት ሰነድ ነበር።

ሥዕሉ በቀጥታ ግድግዳው ላይ የተሣለም አልነበረም። የጥጥ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው፤ የድሮ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ሥዕሎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ይህንን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

በ2011 ዓ.ም. ለንግሥ ሄጄ በስልኬ 11 ፎቶ አነሳሁ። ካሜራው የተሰነጠቀ፣ ብርሃኑ ደካማ፣ ሁለቱ ፎቶ ላይ የሰው ጭንቅላት አለ። ያነሳሁት ለምርምር አይደለም፤ አያቴ አርፋ ስለነበር ትዝታ ፈልጌ ነው። ከዚያ በ2015 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኑ ታደሰ። ጣራው ያፈስ ነበር፣ ግድግዳው ተሰንጥቆ ነበር፤ ምእመኑ ለዓመታት ገንዘብ ሲያዋጣ ቆየ። ለምረቃው ስሄድ ውስጡ ሁሉ ያብረቀርቃል። አዲስ ዘይት ቀለም፤ መላእክቱ ፊታቸው እንደ ፖስት ካርድ የጠራ፤ ይሁዳም ሁለት ዓይን አግኝቷል። ጠመንጃ የያዘው ሰውዬ የለም።

ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ያለቅስ ነበር። እናቴም ታለቅስ ነበር። እኔ ምን ልበል? ለዚያ እድሳት 500 ብር የሰጠሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ደረሰኙ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ስለዚህ ማንንም አልወቅስም፤ ስሙን የማልጠራውም ለዚህ ነው። ካህናቱ ያረጀና የሚፈስ ቤት አድሰዋል። ምን እየወረደ እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። ሊነግራቸው ይገባ የነበረው የታሪክ አስተማሪ ደግሞ ገንዘብ አዋጥቶ ወደ ሥራው ተመልሷል።

ያን ሌሊት ነው 11ዱን ፎቶዎች እያሰፋሁ ማየት የጀመርኩት። አንዱ ላይ ከሰውዬው ጭንቅላት በላይ ጽሕፈት አለ። «ተማኅ» ድረስ ይነበባል። ቀጥሎ የአንድ ምእመን ነጠላ ጋርዶታል። ስሙ ከነጠላው ጀርባ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት አዲስ ዓለም ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእኛ መንገድ ላይ ናት። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያልቅባት አፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ግንባታ አስጀመሩ። ኋላ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን አዳናትና ሐሳቡ ቀረ፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ ደብረ ጽዮን ማርያም። ስንት ጊዜ በአውቶቡስ አልፌዋለሁ መሰላችሁ! እዚያ ቆሜ የገባኝ አንድ ነገር ነው። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች በዚህ መንገድ ወደ ምዕራብ ሄደዋል፤ የአካባቢው ባለሥልጣንና ባለርስት ትልቁን አይቶ በአቅሙ ትንሹን አሠርቷል። ትልቁ ይጎበኛል፣ ይጻፍለታል። ትንሹ በእኛ መዋጮ ይወርዳል። የምርምር ጥያቄዬ ያኔ ተወለደ፤ በምዕራብ ሸዋ ከጊንጪ እስከ ጌዶ ባሉ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ አሠሪዎቹ እነማን ነበሩ?

ከዚያ ማንበብ። የኢትዮጵያን ሥዕል ታሪክ በሰፊው የጻፉት ብዙዎቹ ከውጭ የመጡ ናቸው። ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት ሲሠራ አሮጌ ሥዕሎችን እየሰበሰበ፣ አሁን ስድስት ኪሎ የምናየው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እንዲቆም ትልቁን ድርሻ ተወጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው መጽሐፉ ዛሬም መነሻ ነው። አሜሪካዊቷ ሜሪሊን ሄልድማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ አንድ ሠዓሊ ብቻ መጽሐፍ ጽፋለች፤ ስለ ፍሬ ጽዮን። ፍሬ ጽዮን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረ መነኩሴ ነው። ስሙን ልናውቀው የቻልነው በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ ባለ አንድ የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስለተጻፈ ነው። አንድ ስም፣ አንድ ሰሌዳ ላይ። ከዚያ አንድ ስም ተነስተው ሌሎች ስም የሌላቸውን ሥዕሎች በእጅ አጣጣሉ እየለዩ የእሱ ወይም የተከታዮቹ ናቸው ይላሉ። ነጠላ የጋረደውን ስም ለምን እንደምፈልገው አሁን ገባችሁ?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ስለዚህ በትምህርት ዓለም ውስጥ ብዙ የተባለለትን ያንን ሰሌዳ እኔ ቦታው ሄጄ አላየውም፤ ሥርዓቱን አከብራለሁ፣ ግን ቅር አይለኝም ብል ዋሸሁ። የምሠራው በፎቶ ነው። እዚህ ላይ ስልክ የያዛችሁ ሁሉ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ «መዝገበ ሥዕላት» የሚባል የመረጃ ቋት አለ፤ ማይክል ጀርቨርስና ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ የተባሉ ምሁራን ያቋቋሙት ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአገራችን ሥዕሎችና የብራና ገጾች ፎቶ ተሰብስቦበታል። እኔ ሌሊት ሌሊት፣ ኔትወርኩ ሲቀል፣ የሸዋ ሥዕሎችን እየፈለግሁ ከዚያ ውስጥ ስንት ሳምንት አሳልፌያለሁ።

ኢትዮጵያዊ የለም ወይ? አለ እንጂ። ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ዘርፍ ዶክትሬታቸውን ሠርተው፣ ተመልሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከልን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው የዘመናዊ ሥዕላችን ታሪክ መጽሐፋቸው በእኔ ስልክ ውስጥ በቢጫ ቀለም ያልተሰመረበት ገጽ የለውም። ከእሳቸው የተማርኩት ትልቁ ነገር ምን መሰላችሁ? እነ ገብረ ክርስቶስንና እነ እስክንድር ቦጎሲያንን «ከፈረንጅ ኮረጁ» ወይም «ኢትዮጵያዊነታቸውን ጠበቁ» ብሎ በአንድ ቃል መጨረስ ስንፍና መሆኑን። የእኔ ሰውዬም ጠመንጃው ፈረንጅ ሠራሽ ነው፤ ማኅፀንታው የአገር ነው።

አሁን ወደ ማመልከቻው ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ይህንን ስለሆነ። ቲክቶክ ላይ «ፉል ፈንድ በአሥር ደቂቃ» የሚሉትን ሰዎች እርሷቸው። እኔን አሥራ አራት ወር ፈጅቶብኛል።

በአሜሪካ ዶክትሬቱ ብዙ ጊዜ አምስት ስድስት ዓመት ነው። መጀመሪያ ኮርስ፣ ከዚያ ከባድ አጠቃላይ ፈተና፣ ከዚያ የምርምር ዕቅድ፣ ከዚያ መስክ፣ ከዚያ መጻፍ። ጥሩዎቹ ፕሮግራሞች ክፍያ ትተውላችሁ ወርሃዊ ድጎማ ይሰጣሉ፤ በምላሹ ታስተምራላችሁ። በጀርመን የትምህርት ክፍያ በአብዛኛው የለም፤ ግን ሁለተኛ ዲግሪ ይዛችሁ፣ የሚቀበላችሁን ፕሮፌሰር ራሳችሁ አግኝታችሁ ነው። ቋንቋ ደግሞ አለ። ሌላው ሰው ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ማንበብ ይማራል፤ በእኛ ጉዳይ ግዕዝ ይጨመርበታል፣ ጣልያንኛም አይጎዳም። እኔ ኦሮምኛና አማርኛ እናቴ ሻይ ቤት ውስጥ ያገኘኋቸው ናቸው። ግዕዙን ከአንድ መሪጌታ በሳምንት ሁለት ቀን በቴሌግራም በድምፅ እየተማርኩ ነው። ስሳሳት መሪጌታ መልሰው የሚልኩልኝ የድምፅ መልእክት ሁልጊዜ በረጅም ትንፋሽ ነው የሚጀምረው።

የመጀመሪያው የዓላማ መግለጫዬ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሥነ ጥበብ ልዩ ፍቅር አለኝ» ብሎ ይጀምር ነበር። አንዲት ውጭ የተማረች ጓደኛዬ አንብባ «ይህንን ሁሉም ይጽፋል፣ ሰርዢው» አለችኝ። «ስለ ሰውዬው ጀምሪ» አለች። እውነቷን ነው። ስለ አንድ የተጋረደ ስም ጀመርኩ፤ ሁለት ገጽ በራሱ ጊዜ ሄደ። ለፕሮፌሰሮች የላክሁት የመጀመሪያ ኢሜይልም ረጅም ነበርና አንድም መልስ አላገኘሁም። ሁለተኛው ስድስት ዓረፍተ ነገርና አንድ ፎቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ።

ከሐሳቡ ይልቅ ያደከመኝ ወረቀቱ ነው። ትራንስክሪፕት፣ የወጪ መጋራት ክሊራንስ፣ ማኅተም፣ ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ፣ ነገ ተመለሺ። የማመልከቻው ክፍያ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ 100 ዶላር ገደማ ነው። በእኛ ካርድ መክፈል ስለማይቻለኝ ውጭ ያለች የአክስቴን ልጅ ማስቸገር ነበረብኝ። ግን ስሙኝ፤ ከስድስቱ ሦስቱ ጋር «መክፈል አልችልም» ብዬ በትሕትና ስጽፍ ክፍያውን ትተውልኛል። ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ማፈር 300 ዶላር ሊያስወጣኝ ነበር።

የቃለ መጠይቁ ቀን አምቦ መብራት ጠፋ። ዋይፋይ ፍለጋ የገባሁበት ሆቴል ጄኔሬተሩን እስኪያስነሳ ስልኬን ሆትስፖት አድርጌ ጀመርኩ። ሦስት ፕሮፌሰሮች ናቸው። አንደኛዋ «ሥዕሎቹ አሁን የት ናቸው?» አለችኝ።

«ስልኬ ውስጥ» አልኩ።

ከዚያ ሌላው «የምኒልክ ዘመን መሆኑን በምን አወቅሽ?» አለኝ። ስለ ልብሱ፣ ስለ ጠመንጃው፣ ስለ ሰማያዊው ቀለም፣ ስለ ጨርቁ አወራሁ። ጨርሶ ካዳመጠኝ በኋላ «ይህ ሁሉ ግምት ነው፣ አይደል?» አለ። ላቤ መጣ። «አዎ፣ ግምት ነው። ለማረጋገጥ ቀለሙን የሚያስመረምር፣ ጽሕፈቱን ከሌላ ጋር የሚያስተያይ ሥልጠና ያስፈልገኛል። እዚህ ያለኝ የተሰነጠቀ ካሜራ ነው» አልኩት። ደህና የመለስኩ አልመሰለኝም። ወጥቼ አንድ አምቦ ውኃ አዘዝኩና ሳልጠጣው ተበረደ።

ውጤቱን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ከስድስት አራቱ አይሆንም አሉ፣ አንዱ ተቀብሎ ገንዘብ የለኝም አለ፣ አንዱ ከነሙሉ ድጎማው ለአምስት ዓመት ተቀበለኝ። ገንዘብ የለኝም ያለው ስሙ በጣም ትልቅ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ በስሙ ተፈትኛለሁ። ግን ያለ ድጎማ ሂዱ የሚላችሁን ዶክትሬት አትሂዱበት፤ ይህንን በግልጽ እላለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ለአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የውሳኔው መጨረሻ ኤፕሪል 15 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 7። ቅዳሜ ጊንጪ ወረድኩና ሻይ ቤቱ ጭር ሲል ለእናቴ ነገርኳት።

«አምስት ዓመት?» አለች። ብርጭቆ እያጠበች ነበር። «ወንድምሽ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ነው።»

«አውቃለሁ፣ እማ። ከድጎማው እልካለሁ።»

«እኔ ገንዘብ አልኩ? የሚያስጠናው ማነው ነው ያልኩት።» ብርጭቆውን ደፋችው። «ተመልሰሽስ? ምን ትሆኚያለሽ?»

እውነቱን ነገርኳት። በአገራችን በዚህ ሙያ የሚቀጥር ቦታ ጥቂት ነው፤ አንድ ሁለት ዩኒቨርሲቲ፣ ሙዚየም፣ ቅርስ ባለሥልጣን። ዶክተር ተብዬ ተመልሼ እዚያው አሥረኛ ክፍል ላስተምር እችላለሁ። ዝም አለች። ከዚያ «ያንን ጠመንጃ የያዘውን ሰውዬ ነው አይደል የምትፈልጊው?» አለችኝ። እሷም ታውቀዋለች ለካ። እሷም በልጅነቷ የተኛ ይመስላት ነበር።

በማግስቱ ሰንበት ነበርና ወደዚያው ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙን «አባቴ፣ ያ የድሮው ሥዕል ሲወርድ ምን ተደረገ?» አልኳቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህንን ጥያቄ ለምን ቀድሜ እንዳልጠየቅሁ አትጠይቁኝ፤ ተቃጥሏል የሚለውን መልስ ፈርቼ ነው።

«ምን ይደረጋል? የተቀደሰ ነገር ይጣላል እንዴ!» አሉ። ዕቃ ቤቱን ከፈቱልኝ። ከአሮጌ ከበሮና ከተሰበረ መቋሚያ ጀርባ፣ መሬት ላይ፣ በገመድ የታሰሩ አምስት ጥቅሎች። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጨርቅ ስለነበር ልጠው ጠቅልለው አስቀምጠውታል። እግሬ ተንቀጠቀጠ። ቄሰ ገበዙ አንዱን አንስተው ገመዱን ፈቱና መዘርጋት ጀመሩ። አንድ ክንድ ያህል ሲዘረጋ ጠረር የሚል ድምፅ ተሰማኝ፤ ሰማያዊ ፍርፋሪ ወለሉ ላይ ረገፈ።

«አባቴ፣ ይተዉት!» ብዬ ጮህኩ። እጃቸውን ልይዝ ምንም አልቀረኝም። የደረቀ ቀለም ያለ ባለሙያ ሲዘረጋ እንደዚያ ነው የሚሆነው፤ ስሙን አነባለሁ ብዬ ስሙን ላረግፈው ነበር። ቀስ ብለን እንደነበረ መልሰን ጠቀለልነው። ስሙ ከአምስቱ በየትኛው ውስጥ እንዳለ አላውቅም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «አየሽው?» አለችኝ። «አላየሁትም» አልኳት። «አለ ግን።»

ሰኞ ማታ ዩኒቨርሲቲው በላከልኝ ሊንክ ገብቼ ፈረምኩ። አሁን የቪዛ ቀጠሮ እየጠበቅሁ ነው፤ ሊሰጡኝም ላይሰጡኝም ይችላሉ። ባለፈው ሐሙስ ቄሰ ገበዙ ደውለው «ልጄ፣ የዕቃ ቤቱ ጣራ በአንድ በኩል ያፈሳል፤ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ነገር አድርጊ» አሉኝ። አናጢ ጥቅሎቹን ከመሬት የሚያነሳ የእንጨት ቆጥ እየሠራ ነው። እኔም ቅዳሜ ጊንጪ ገበያ አሥር ሜትር ወፍራም ላስቲክ ገዝቻለሁ። ጥቅሎቹ ላይ እንዳይጠመጥሙት፣ እርጥበት አፍኖ እንዳያሻግተው፣ ከላይ እንደ ጣራ ብቻ እንዲወጥሩት በወረቀት ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። ላስቲኩን ተሸክሞ የሄደው ወንድሜ ነው፤ ለፈተናው እያጠና ነው ተብሎ ከሻይ ቤቱ ሥራ ነፃ የወጣው።